ሳይጭኑ መሥራት፦ ሶፍትዌርን ከፍላሽ ላይ ማስነሳት

ፍላሽ ያልያዘ ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። ከቁልፍ ጋር ታስሮ፣ ቦርሳ ጥግ ተወትፎ፣ አንዳንዴም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ሲከፈት የሚገኝበት ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ ፎቶ፣ ጥቂት ዘፈን ወይም መዝሙር። ፋይሉ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል፤ ፋይሉን የሚከፍተው ሶፍትዌር ግን በሄዱበት ኮምፒውተር ላይ መኖር አለመኖሩ የዕድል ጉዳይ ነው። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወርድ የ2007 ነው፤ ሌላው ጋ ፒዲኤፍ የሚከፍት ነገር የለም፤ የዩኒቨርሲቲው ላብ ውስጥ ደግሞ አዲስ ሶፍትዌር ለመጫን ሲሞከር የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠየቃል።

መላው ሶፍትዌሩንም አብሮ መያዝ ነው።

አንድ ሶፍትዌር በተለመደው መንገድ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ራሱን በየቦታው ይበትናል። ዋናው አካሉ ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ፎልደር፣ የተጠቃሚው ምርጫዎች አፕዳታ ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ፎልደሩን ብቻ ገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለማስነሳት የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ የማይሳካለት ለዚህ ነው። ፖርቴብል የሚባለው ሶፍትዌር ግን ሁሉንም በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ይይዛል። ሲነሳ ከዚያ ያነባል፣ ሲሠራም ሲዘጋም እዚያው ይጽፋል። ፍላሹ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ድራይቭ ኢ፣ ሌላው ላይ ድራይቭ ጂ ቢባልም ማስነሻው አድራሻውን በየጊዜው ያስተካክላል።

ሐሳቡ ከሃያ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ፍላሽ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ አይቢኤም በዚያ ዓመት መጨረሻ የሸጠው 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። በ2004 ጆን ሃለር የተባለ አሜሪካዊ ፋየርፎክስን ከፍላሽ እንዲነሳ አድርጎ አዘጋጀ። ዛሬ ፖርቴብልአፕስ በሚል ስም የሚታወቀው ትልቅ የነጻ ሶፍትዌሮች ስብስብ ያደገው ከዚያ ሥራ ነው። ሳንዲስክና ኤምሲስተምስም ዩ3 የተባለ የራሳቸውን ዘዴ አውጥተው ነበር፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ልዩ ፍላሽ ይጠይቅ ነበር፤ ብዙም አልቆየም። የሃለር መንገድ ማንኛውም ፍላሽ ይበቃዋል። ማንኛውም ሲባል ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ፍላሹን መምረጥ

ፋይል ለማመላለስ የሚበቃ ፍላሽ ሶፍትዌር ለማስነሳት ላይበቃ ይችላል። ፊልም ሲገለበጥ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ይጻፋል፤ ይህን ርካሹም ፍላሽ ይወጣዋል። ሶፍትዌር ሲሠራ ግን ጥቃቅን ፋይሎች ያለማቋረጥ ይከፈታሉ፣ ይጻፋሉ፣ ይሰረዛሉ። ርካሽ ፍላሽ የሚያቃስተው እዚህ ላይ ነው። ብሮውዘር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ አንድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ታሪኩን፣ ኩኪውንና ምስሎቹን ሲመዘግብ ይውላል።

ስለዚህ ሲገዙ ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱን ይዩ። ዩኤስቢ 3 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ መሰኪያው ውስጥ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክም ይለያል። የዩኤስቢ 2 ጣሪያ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ሲሆን የዩኤስቢ 3 ጣሪያ ከ5 ጊጋቢት ይጀምራል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ቺፕ እዚያ ጣሪያ ላይ ባይደርስም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ኮምፒውተሩ ያረጀና የዩኤስቢ 2 መሰኪያ ብቻ ያለው ከሆነ አዲሱ ፍላሽ እዚያም ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን በአሮጌው ልክ ይሆናል። መጠኑ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይተርፋል። 32 የተባለው ሲሰካ 29 አካባቢ ቢያሳይ አይደንግጡ። አምራቹ አንድን ጊጋባይት በ1,000,000,000 ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,073,741,824 ስለሚቆጥር የመጣ ልዩነት ነው።

ሊያስደነግጥ የሚገባው ሌላ ነው። በጣም በርካሽ የሚሸጥ፣ 1 ወይም 2 ቴራባይት ይይዛል የሚባል ፍላሽ ካጋጠመ በአብዛኛው ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ መጠኑን አጋንኖ እንዲናገር ተደርጓል። ፋይሉ የተገለበጠ ይመስላል፣ ስሙም ይታያል፤ ሲከፈት ግን የለም። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለች ትንሽ ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ መድኃኒት ናት። ፍላሹን ጫፍ እስከ ጫፍ ትሞላውና የጻፈችውን መልሳ ታነባለች። ሰዓታት ልትወስድ ትችላለች፤ አዲስ ፍላሽ ገዝቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ከማስቀመጡ በፊት ይህን ሰዓት የነፈገ ሰው ግን በኋላ ቢያዝን ማንም አይፈርድለትም። እርሷም መጫን አያስፈልጋትም።

ፍተሻው ካለቀ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ካስፈለገ አስቀድመው ይገልብጡ። በፍላሹ ምልክት ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፎርማት የሚለውን ሲመርጡ ፋይል ሲስተም የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ ኤክስፋት የሚለውን ይምረጡ። ፋት32 የሚለው አሮጌ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ለዊንዶውስ ጥሩ ቢሆንም ማክ ኮምፒውተር ላይ በተለመደው ሁኔታ ከማንበብ በቀር መጻፍ አይፈቅድም። ኤክስፋት ከሁለቱም ጋር ይስማማል፤ ድክመቱ በድንገት ከተነቀለ ራሱን የሚያድንበት መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው።

ማውረድና ማሰናዳት

ይህን ክፍል በራስዎ ወይም በሚያምኑት ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሥሩት። ኢንተርኔት ካፌ ቦታው አይደለም።

ወደ ፖርቴብልአፕስ ዶት ኮም ገብተው ፕላትፎርም የሚባለውን ዋና ማስነሻ ያውርዱ። ከመክፈትዎ በፊት በፋይሉ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለውን ይዩ፤ ፈራሚው ሬር አይዲያስ የተባለው የሃለር ድርጅት መሆን አለበት። ሲከፍቱት የት ማስቀመጥ እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ፖርቴብል የሚለውን መርጠው የፍላሹን ፊደል ያመልክቱ። ሲያበቃ ፍላሹ ላይ ሰነድ የሚቀመጥበት ዶክመንትስ፣ ሶፍትዌሮቹ የሚቀመጡበት ፖርቴብልአፕስ የሚሉ ፎልደሮችና ስታርት የሚል አንድ ማስነሻ ያገኛሉ።

ስታርት የሚለውን ሁለቴ ሲጫኑት ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ሜኑ ይወጣል። በዚያ አፕስ፣ ከዚያም ጌት ሞር አፕስ ሲሉ የሶፍትዌሮቹ ዝርዝር በየዘርፉ ተደርድሮ ይመጣል፤ በሚፈልጉት ላይ ምልክት አድርገው መቀጠል ነው። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ፈጣን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ፋይሎቹን ለየብቻ ያውርዱና በኋላ ያለ ኢንተርኔት ከሜኑው ያስገቧቸው። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ፓፍ ዶት ኤግዚ ይላል። ሲከፈቱ የተለመደውን የመጫኛ መስኮት ስለሚያሳዩ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ ይመስለዋል፤ የሚያደርጉት ግን ራሳቸውን ፍላሹ ላይ መዘርገፍ ብቻ ነው። እንደ ሊብሬኦፊስ ያለው በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ስላሉት ቀርፋፋ ፍላሽ ላይ ተዘርግፎ እስኪያልቅ ቡና ማፍላት ይቻላል። ቆሟል ብለው አይንቀሉት።

ሁሉም ሶፍትዌር ከአንድ ቦታ አይመጣም። ሱማትራ ፒዲኤፍ፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ኪፓስና ቪኤልሲ በየራሳቸው ገጽ ላይ የማይጫን ዓይነት አላቸው። በዚፕ ታሽጎ የመጣውን ፍላሹ ላይ የራሱን ፎልደር ፈጥረው ይፍቱት፤ በዚህ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ዛሬ ፖርቴብል ኦፊስ የለውም፤ አዶቢም ፖርቴብል ፎቶሾፕ የለውም። በቴሌግራም ቻናል ወይም ከጓደኛ ፍላሽ ላይ በዚህ ስም የሚገኘው ሁሉ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ፈልቅቆ እንደገና ያሸገው ነው። ይሠራ ይሆናል። ከሥራው ጋር ምን እንደተጨመረበት ግን የሚያውቅ የለም፤ አንቲቫይረሱን አጥፍታችሁ ክፈቱት የሚል መመሪያ አብሮ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው።

ምን ይያዝ?

ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ብቻ ፍላሹን መሙላት የጀማሪ ፈተና ነው። አምስት ስድስት ሶፍትዌር የአብዛኛውን ሰው ሥራ ይሸፍናል።

ለሰነድ ሊብሬኦፊስ አለ። የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ሲያስቀምጡ ሌሎች እንዲከፍቱት የወርድን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። ሠንጠረዥና ምስል የበዛበት ሰነድ ከወርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ሲመጣ አሰላለፉ ሊዛነፍ ስለሚችል የመጨረሻውን ቅጂ በፒዲኤፍ ማውጣት ይሻላል። ለፒዲኤፍ ንባብ ሱማትራ ትንሽና ፈጣን ነው። ማንኛውንም ቪዲዮ ለማጫወት ቪኤልሲ፣ የታሸጉ ፋይሎችን ለመፍታት ሰቨንዚፕ።

ለብሮውዘር ከክሮም ይልቅ ፋየርፎክስን መምረጥ በቂ ምክንያት አለው። ክሮም ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች የሚቆልፈው ከዚያ ኮምፒውተርና ከዚያ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር በተያያዘ ቁልፍ ነው፤ ፍላሹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሊፈታቸው አይችልም። ፋየርፎክስ ግን ቁልፉን በራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይከፍታቸዋል። ይህ ምቾት አደጋም ነው፤ ፍላሹን ያገኘ ሰውም ይከፍታቸዋል። መከላከያው ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ፕራይመሪ ፓስወርድ የሚለውን ማብራት ነው። ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ያለባቸው ኮምፒውተሮች የሚያጋጥሙዎት ከሆነ ደግሞ ለእነሱ የመጨረሻው የሆነውን የፋየርፎክስ 115 ትውልድ መያዝ ይኖርብዎታል፤ አዲሱ እዚያ ላይ አይነሳም።

ኪዊክስ ብዙ ያልተወራለት፣ ግን ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው። ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የዊንዶውሱ ዓይነት በዚፕ የሚመጣና ሳይጫን የሚነሳ ነው፤ መጻሕፍቱ ዚም በሚባሉ ፋይሎች ለየብቻ ይወርዳሉ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ ስለሆነ የትኛውም ፍላሽ ይችለዋል። የእንግሊዝኛው ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ለብቻው ይፈልጋል፤ ምስሎቹ የተቀነሱበትና በትምህርት ዘርፍ የተከፋፈሉም ስላሉ ከእነዚያ መምረጥ ይቻላል። ኤክስፋት የሚያስፈልገውም እዚህ ነው፤ እነዚህ ፋይሎች የፋት32ን ጣሪያ ቶሎ ያልፋሉ። መምህራን ለክፍል ቢይዙት ይጠቀሙበታል።

የአማርኛው ነገር

ሶፍትዌሩ አብሮ ተጉዞ ፎንቱ ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ችግሩ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላን፣ ከ8 ወዲህ ደግሞ ፊደላችንን የያዘውን ኤብሪማን ይዞ ስለመጣ ቢያንስ ይነበባል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈው ግን ሌላ ታሪክ ነው። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይከፈታል። የድሮ ደብዳቤና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ያለበት ሰው ያውቀዋል።

የፖርቴብልአፕስ ፕላትፎርም ለዚህ መፍትሔ አለው። ፍላሹ ላይ ፖርቴብልአፕስ የሚለውን፣ በውስጡ ፖርቴብልአፕስ ዶት ኮም የሚለውን፣ ከዚያ ዳታ የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። ፎንትስ የሚል ፎልደር ከሌለ ይፍጠሩና የሚያስፈልጉዎትን የፎንት ፋይሎች እዚያ ይገልብጡ። ሜኑው እስከተከፈተ ድረስ ፎንቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫኑ ይሠራሉ። በነጻ ከሚገኙት አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ሰነዱን ለሌላ ሰው ከላኩ ደግሞ በሊብሬኦፊስ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት በሚለው ስር ፎንቱ ከሰነዱ ጋር እንዲታሸግ ማዘዝ ይቻላል።

መጻፍ ከማንበብ ይከብዳል። የአማርኛ መጻፊያው ኪማን መጫን የሚፈልግ ሶፍትዌር ስለሆነ የአስተዳዳሪ ፈቃድ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይሆንም። ሁለት መውጫዎች አሉ። አንደኛው የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ በቅንብሮቹ ውስጥ ከቋንቋዎች ዝርዝር መጨመር ነው፤ አጻጻፉ ከለመዱት ላይገጥም ይችላል። ሁለተኛው ኢንተርኔት ካለ ኪማን በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራበትን ገጽ ከፍቶ እዚያ መጻፍና ወደ ሰነዱ መገልበጥ ነው። አድራሻውን ፍላሹ ላይ ባለው ፋየርፎክስ ቡክማርክ አድርገው ቢያስቀምጡ በየቦታው ከመፈለግ ይድናሉ።

በሰው ኮምፒውተር ላይ

ፖርቴብል ማለት ቅንብሩ ከሶፍትዌሩ ጋር ይጓዛል ማለት ነው እንጂ ከአደጋ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር የሚጫኑትን እያንዳንዱን ፊደል ያያል። ቁልፍ መዝጋቢ ሶፍትዌር ካለበት የፍላሹ ፋየርፎክስ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ዊንዶውስም በበኩሉ የትኛው ፍላሽ እንደተሰካና የትኛው ሶፍትዌር እንደተነሳ በየመዝገቡ ያሰፍራል። የባንክ ሒሳብና ዋና ኢሜይልዎን በማያውቁት ኮምፒውተር ላይ አይክፈቱ፤ ኪፓስን ፍላሹ ላይ የያዘ ሰውም የሚከፍተው በሚያምነው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሁን።

ከዚያ ቫይረሱ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፈተው የዊንዶውስ አውቶራን ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ላይ ይህን ለፍላሽ ዘጋው፤ በየካቲት 2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ የሚሆን ማስተካከያ አሰራጨ። ስታርት የሚለውን በእጅ መጫን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ግን በሰው እጅ ስለሚከፈት እስካሁን አለ። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ቫይረሱን ያስነሳል። የፎልደሩ ምልክት ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካዩ ወይም ፋይሎችዎ ጠፍተው የፍላሹ ቦታ ግን የተያዘ ከሆነ ምንም ሳይጫኑ ያቁሙ። ፎርማት ለማድረግም አይቸኩሉ፤ ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አሉ። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት። ቀጥሎ ሰቨንዚፕን ለብቻው ከፍተው ከውስጡ ፍላሹን ይመልከቱ፤ የተደበቁ ፋይሎችን ስለሚያሳይ የራስዎን መርጠው ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት ይችላሉ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንዳንድ መሥሪያ ቤትና ላብ ከፍላሽ ላይ ሶፍትዌር ማስነሳትን በመመሪያ ይከለክላል፤ ባንኮች ዘንድ ዩኤስቢው ራሱ የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ሶፍትዌሩ ታግዷል የሚል መልእክት ከመጣ የአይቲ ክፍሉን ማነጋገር እንጂ ዙሪያ ጥምጥም መፈለግ ሥራን ያሳጣል።

ፍላሽ ይጠፋል፤ ታክሲ ውስጥ ይቀራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰክቶ ይረሳል። ምስጢራዊ ሰነድ ካለ ሰቨንዚፕ በኤኢኤስ 256 ቆልፎ ሊያሽገው ይችላል፤ የፋይሎቹ ስም እንዳይታይ የሚያደርገውን ምርጫም አብረው ያብሩ። ሰነዶችን የሚቆልፈው ቬራክሪፕት የበለጠ ምቹ ቢሆንም ከፍላሽ ሲነሳ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በሰው ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።

ሲጨርሱ

ሥራ ሲያልቅ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሶፍትዌሮቹን አንድ በአንድ ይዝጉ፣ ቀጥሎ የፖርቴብልአፕስን ሜኑ ይዝጉ፣ ከዚያ ከሰዓቱ አጠገብ ባለው የዩኤስቢ ምልክት ኢጀክት ይበሉ። ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትም ወዲህ ፍላሽ በፍጥነት እንዲነቀል ተደርጎ ስለመጣ ኢጀክት አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ፊልም ለገለበጠ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ከፍላሹ ላይ ብሮውዘር ያስነሳ ሰው ግን መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ የሚጻፍ ነገር አለበት፤ በመካከል ቢነቅለው ቡክማርኩና ቅንብሩ ሊበላሽ ይችላል። ፍላሹ ሥራ ላይ ነው የሚል መልእክት ከመጣ የቀረ የተከፈተ ነገር አለ ማለት ነው፤ ካልተገኘ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መንቀል ይሻላል።

መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ እንደዚህ ዓይነት ፍላሽ ላይ ከምንም በላይ ቀላል ነው። ሁሉም ነገር በፎልደር ውስጥ ስላለ ሶፍትዌሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ የፍላሹን ይዘት እንዳለ ወደ ቤት ኮምፒውተር መገልበጥ ይበቃል። ፍላሹ ቢጠፋ ቅጂውን አዲስ ፍላሽ ላይ መልሰው ስታርት የሚለውን መጫን ነው፤ ሶፍትዌሩ ከነቅንብሩ፣ ከነቡክማርኩ፣ ከነፎንቱ ይነሳል። በተረፈ ሜኑው በተከፈተ ቁጥር አዳዲስ እትሞችን በኢንተርኔት ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ይህን ከኦፕሽንስ ውስጥ አጥፍቶ ዋይፋይ ባገኘበት ቀን በእጁ ቢያድሰው ይሻላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መታደስ ያለበት ደግሞ ብሮውዘሩ ነው።